የሥጋ ቆራጩ ውታፍ

ቧንቧ ሠራተኛው እህቱ ወጥ ቤት ሲደርስ የውሃ ማሞቂያው እንደተቆጣ በሬ ያጓራ ነበር። ግድግዳው ይርገፈገፋል። ጣሪያው ውስጥ ያሉት አይጦች ጓዛቸውን ሸክፈው ሰፈር ለቀዋል ቢባል የሚከራከር አይገኝም። ከዚያ ግድግዳ ማዶ ደግሞ እናቱ ወገቧን ታማ አልጋ ላይ ናት።

ቀና ብሎ አየ። በገዛ እጁ የገጠመው የመተንፈሻ ቫልቭ አፉ ላይ እንጨት ተወትፎ በሽቦ ተጠፍሯል።

«ማነው ይሄን የወተፈው?»

«እኔ ነኛ!» አለ የእህቱ ባል፣ ሥጋ ቆራጩ። የማሞቂያው ማጥፊያ ያለበትን ግድግዳ በጀርባው ሸፍኖ ቆሟል፤ ያ ጀርባ የከተማ በር ይዘጋል። «ሌት ተቀን ጠብ፣ ጠብ! ሥራህ ቢያፈስ ከመክተፊያዬ ጠርቤ ደፈንኩልህ። አመስግነኝ እንጂ!»

«አንተ ደደብ፣ እንዲያንጠባጥብ ነው የገጠምኩት! የሚተነፍሰው በሱ ነው። አሁን ሊፈነዳ ነው፣ እማዬ እዚያ ጋ ተኝታለች! ዞር በል ላጥፋው!»

«በገዛ ቤቴ ደደብ?»

ቡጢው አረፈ። የቧንቧ ሠራተኛው መንጋጋ ጆሮውን ጠይቆ ተመለሰ። እሱም በእጁ የያዘውን መፍቻ ለሰውየው ጉልበት አቀመሰው፤ ስንጥቅ ሲል ጎረቤት ሰማ። ተያይዘው ወደቁ። ጠረጴዛው ተሰበረ፣ ሳህን ዘነበ፣ ደም ሸክላው ወለል ላይ ተንዠቀዠቀ።

«ኧረ የገላጋይ ያለህ!» እህቱ ጮኸች።

ሥጋ ቆራጩ የቧንቧ ሠራተኛው ደረት ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን አነቀው። ያኔ ማሞቂያው ማጓራቱን ትቶ በቀጭኑ ማፏጨት ጀመረ። ቧንቧ ሠራተኛው ያንን ፉጨት ያውቀዋል፤ ሊፈነዳ ሲል ነው። ዓይኑ እየጨለመ መፍቻውን ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ወደ ሙቅ ውሃው መዝጊያ ሰነዘረ። አንዴ። መዝጊያው ጎበጠ። ደገመው፤ ተገንጥሎ በረረ።

እንፋሎቱ እንደ መድፍ ወጣ። የሁለቱንም ክንድ ቆዳ እንደ ድንች ላጠው። ሥጋ ቆራጩ የጉሮሮውን ነገር ረስቶ እያገሳ ተንከባለለ፤ እህቱ በላያቸው ተራምዳ ማሞቂያውን አጠፋችው።

ፉጨቱ እየሰለለ ሄደ።

«ምንድነው የሚንጓጓው?» አለች እናትየው ከማዶ።

ቧንቧ ሠራተኛው የተሰበረ ጥርሱን ተፋ። «ቧንቧ እየጠገንን ነው እማዬ።»

«አብራችሁ?»

ሥጋ ቆራጩ የተላጠ ክንዱን ታቅፎ፣ እያለቀሰ፣ ዓይኑን ውታፉ ላይ ተከለ።

«አብረን ነው እማማ» አለ። «እኔ ሽቦውን ልፈታ ነው።»