የአባዬ ኪሶች

ሰፈሩ አባቴን «ጋሽ ክሬም» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ኬክ ጋግሯል። የክሬሙ ስኳር በቅቶት እንደሆነ የሚያውቀው በትንሿ ጣቱ ጫፍ ቀምሶ ነው፤ ሌላ መለኪያ አያምንም።

ደም ግፊት ሲይዘው የሚያሸና ክኒን ታዘዘለት። ያን ጊዜ ስኳሩ ደህና ነበር። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት በእጄ እሰጠዋለሁ፤ ለሱ ከተተውኩት ይረሳዋል። በአራተኛው ወር ስኳሩ ሲለካ መቶ ሰማንያ ሆኖ ተገኘ። የኬክ ጋጋሪ ስኳር ጨመረ ሲባል ሌላ ምክንያት ማን ይፈልጋል? እኔም አልፈለግኩም።

«መቅመስ አልተውክም አይደል?» አልኩት።

«ትቻለሁ። አሁን ክሬሙን የሚቀምስልኝ ሠራተኛዬ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ስኳር ከሰማይ ወረደ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። አልበላሁም።»

አላመንኩትም። ማታ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ አስቁሜ ኪሱን እፈትሻለሁ፣ ጣቶቹን አሸታለሁ። ኬክ ሲሠራ የዋለ ጣት ቫኒላ ካልሸተተ ምን ሊሸት ነው? እኔ ግን እጅ ከፍንጅ የያዝኩት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እህቱ ፊት «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አልኩት። አክስቴ ሳቀች። እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቁን ቀጠለ።

በስድስተኛው ወር ሁለት መቶ አስር ገባ። የኬክ ቤቱን ቁልፍ ተቀበልኩት። አልተሟገተኝም፤ ነጭ ሽርጡን አጣጥፎ ሰጠኝና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ኬክ ቤቱን ለሌላ ሰው አከራየነው። ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔ ሥር ሆኖ፣ ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ፣ ስኳሩ አልወርድ አለ። ጭራሽ ፍራሹን ገልብጬ ፈተሽኩ።

ክትትል የሚያደርግበት ክሊኒክ የመጣች አዲስ ሐኪም የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ ይዘን እንድንመጣ አዘዘች። የክኒኑን ማሸጊያ አገላብጣ አየችው።

«ይሄን ከጀመሩ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

«ስምንት ወር።»

«ስኳራቸው የጨመረውስ?»

«ክኒኑን በጀመረ በአራተኛው ወር» አልኩ።

«ግፊት ያወርዳል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ስኳር ከፍ ያደርጋል። የሳቸው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። በሌላ ልቀይርላቸውና እንየው» አለች።

አባዬ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ስኳሩ መቶ አስራ አምስት ሆነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለኔ ሲጠራልኝ ኬክ ቤቱ ጫማ መሸጫ ሆኗል። በገዛ እጄ የማጎርሰውን ነገር ኪሱ ውስጥ ስፈልግ ከርሜያለሁ። ራሴን ጠላሁት።

ዛሬ ጠዋት አዲሱን ክኒን ስሰጠው «አባዬ፣ በድዬሃለሁ» አልኩት።

«ለኔው ብለሽ ነው» አለና ውሃውን ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ እግሩን ሊያፍታታ ወጣ። ሲመለስ በሩን ከፈትኩለት። አልገባም። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ፣ ሁለቱን ኪሶቹን ወደ ውጭ ገልብጦ አሳየኝ። ከዚያ ጣቶቹን ዘረጋልኝ። ሳሙና ብቻ ይሸታሉ።