የደንበኛ ገመና

ዘይዳ ሞጣ ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሴቶች ቀሚስ እየሰፋች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። የምትኮራው በስፌቷ አልነበረም፤ ስፌት ሌላውም ይሰፋል። የምትኮራው በአፏ ነበር። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ከመጋረጃው ጀርባ ስትለካ የማን ሆድ እንደገፋ፣ የማን ትከሻ እንደተጣመመ፣ ማን በሐሳብ ከስታ እንዳለቀች ታያለች። ያየችውን ግን ለባሏም አትነግርም።

የሱቁን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ የሚይዘው ታናሽ ወንድሟ ሙጀሂድ ነው። እሷ ስልክ ከማንሳትና ከመዝጋት ያለፈ አታውቅበትም። እሱ የቀሚሶቹን ፎቶ ይለጥፋል፣ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ከግንደወይንም፣ ከአምበርም፣ ከቢቸናም የሚመጣው ሥራ በእሱ በኩል ነው። ዘይዳ ወንድሜ ተባረክ ብላ መርቃዋለች።

ፀሐይነሽም የመጣችው በዚሁ ገጽ ነው። ቢቸና አስተማሪ ናት። ለታናሽ እህቷ ሰርግ የምትለብሰው ቀሚስ ፈልጋ ልኬቷን በቴሌግራም ላከች። ከልኬቱ በታች፣ በሕመም ምክንያት ግራ ጡቷ በቀዶ ሕክምና መውጣቱን፣ በዚያ በኩል ስፖንጅ ገብቶበት ሰው እንዳያስተውል ሆኖ ቢሰፋላት ደስ እንደሚላት ጻፈች። ሙጀሂድ መልእክቱን ለዘይዳ አነበበላት። ዘይዳ ያን ደረት ደጋግማ ፈትታ ሰፋችው፤ በራሷ ገላ ላይ እያደረገች በመስታወት አየችው። ጎኑን ግን ቀሚሱን ወደ ቢቸና የሚወስደው መኪና ሊነሳ ነው ስለተባለች ተቻኩላ ቋጨችው።

ከሰርጉ በኋላ ፀሐይነሽ ገጹ ላይ አስተያየት ጻፈች። ቀሚሱ እንደሚያምር፣ ጎኑ ግን ሰርጉ ላይ ተተርትሮባት ቀኑን ሙሉ ነጠላዋን ተከናንባ እንደዋለች፣ ለሌላው ደንበኛ ስፌቱን ቢያጠብቁ መልካም እንደሆነ። ክፉ ቃል የለበትም።

ዘይዳ ይህን አላየችም። በማግስቱ ከጎኗ ሻሽ የምትሸጠው ሳቢራ ስልኳን በሻርፗ ሸፍና ገባች፤ ሰው አለመኖሩን አይታ ገለጠችው። ሙጀሂድ የፀሐይነሽን የቴሌግራም መልእክት ከነስሟ፣ ከነፎቶዋ ገጹ ላይ ለጥፎታል። ከላይ፣ «ችግሩ የስፌቱ ነው ወይስ የገላዋ? እናንተ ፍረዱ» ብሏል፤ የሳቅ ምልክትም ደርድሮበታል።

የዘይዳ አፍ ምራቅ ሞላ፤ ሊያስመልሰው የደረሰ ሰው አፍ እንደሚሞላው። ሳቢራ ወደ ታች እያወረደች ከሥሩ የተጻፈውን አሳየቻት። ሳቅ ነው፤ ከሳቅ የባሰም አለ። ከሳቁት መካከል በስም የምታውቃቸው ነበሩበት። አንዷ እዚሁ መጋረጃ ጀርባ ቆማ፣ ከወሊድ በኋላ የተንጠለጠለ ሆዷን በልብስ እንድትደብቅላት እንባ እየተናነቃት የለመነቻት ናት። ዘይዳ በጓሮ በር ወጥታ ተፋች።

ሙጀሂድ ቆሎ እየቆረጠመ መጣ። ያፈረ አይመስልም።

«እትዬ፣ ስምሽን ልከላከል ብዬ እኮ ነው» አላት። «ዝም ካልን ነገ ሁሉም ተነስቶ ይሰድበናል። ደግሞ ተከታዩ የት እንደደረሰ ተመልከች።»

ቆሎው በጥርሱ መካከል ሲደቅ ትሰማዋለች። እንዲያጠፋው አዘዘችው፤ እያጉረመረመ አጠፋው። ነገር ግን ከአፍ የወጣ ከእጅ የወደቀ ነው፤ ሌሎች ወስደው በየገጻቸው ለጥፈውታል።

የገበያ ቀን ሱቁ ሞላ። ለዒድ ዋዜማ እንኳ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ከግንደወይን የመጣች አንዲት ሴት ዘይዳ ወገቧን እየለካች ሳለ ዝቅ ብላ፣ ያቺን ጡት የለሽ ሴት የሰፋሽላት አንቺ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻትና ሳቀች። ሆዷ ከሜትሩ ሥር ተርገፈገፈ። ዘይዳ እጇን ከገላዋ ላይ አነሳች። ሜትሩ በጣቷ ላይ እንደ ትል ቀፈፋት። ልኬቱን ሳትጨርስ ሴትዮዋን ወደ ሌላ ሰፊ ሰደደቻት።

ቢቸና ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ስትል ሙጀሂድ ፊቱ በራ። አብሯት ሄዶ በቪዲዮ ሊቀርጽ አሰበ፤ ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ቢያለቅሱ ሕዝቡ እንደሚወድላቸው፣ የሴትዮዋም ስም እንደሚታደስ፣ የሱቁም እንደዚያው እንደሚሆን አስረዳት። ዘይዳ ፊቱን አየችው። በአንቀልባ አዝላ ያሳደገችው ፊት ነው።

«እንዳትከተለኝ» አለችው።

ፀሐይነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ደጁ ላይ ቆመች፤ ግቢ አላለቻትም። በዚያ አገር እንግዳን ከደጅ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ዘይዳም አልከፋትም።

«የስፌቱ ጥፋት የእኔ ነው» አለች። «ወንድሜ ያደረገውም የእኔ ነው፤ በሱቄ ስም ነው የጻፈው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ዓይናቸውን ደረቴ ላይ ያሳርፋሉ» አለች ፀሐይነሽ። «ክፉ ልጆች ሆነው አይደለም። ወሬውን በአፍ ነው የሰሙት፤ የትኛው እንደሆነ ሊያውቁ ነው።»

ዘይዳ ገጹ ላይ በግልጽ ይቅርታ እናስጽፍ ወይ ብላ ጠየቀች።

«የለም። እናንተ ይቅርታ ባላችሁ ቁጥር ያላየው ሁሉ ምን ሆና ነው ብሎ ይፈልጋል። የምለምንዎት ዝም እንድትሉልኝ ነው።»

በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ዘይዳ ሞጣ ስትደርስ ሳቢራ ከመኪናው መውረጃ ጠብቃ ስልኳን አሳየቻት። ሙጀሂድ ጠዋት ከኋላዋ ተደብቆ ፎቶ አንስቷት ኖሯል፤ ገጹ ላይም ለጥፎታል። አንድ እግሯን መኪናው ላይ አሳርፋ፣ ጀርባዋ ይታያል። «እህቴ ደንበኛዋን ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ ቢቸና ጉዞ ጀምራለች። ባለሙያ ማለት ይህ ነው። ሼር አድርጉ» ይላል፤ ከሥሩም የሱቁ ስልክ ቁጥር አለ። የትኛዋን ደንበኛ ነው ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ሌላው ያንኑ የጠፋውን ምስል አምጥቶ እየለጠፈለት ነበር።

አልጮኸችም። ሱቅ ገብታ ሙጀሂድ የሱቁን ቁልፍና ገጹን እንዲያስረክባት እጇን ዘረጋች። ገጹ የእኔ ነው፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ አላት። እውነቱን ነበር፤ የተከፈተው በእሱ ስልክ ነው። ውሰደው፣ ስሜን ግን አውርድ አለችው። ቁልፉን የስፌት መኪናዋ ላይ ወርውሮ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ከገበያው ማዶ የራሱን የልብስ ሱቅ ከፈተ። ገጹ ከነተከታዩ አብሮት ሄደ፤ ሥራውም ቀናው። ዘይዳ ከዚያ ወዲህ በስልክ ትእዛዝ አትቀበልም። የሚለካ ሰው በአካል ይምጣ፣ የሚደበቅ ነገር ያለው በጆሮዬ ይንገረኝ ትላለች። ለመለካት የሚገቡ ሴቶችንም ስልካችሁን ውጭ ተዉ ስትል አንዳንዶቹ ተቀይመው ይሄዳሉ። ደንበኛዋ ሳስቷል።

በዒድ እናታቸው ቤት ተገናኙ። ሙጀሂድ አዲስ ጀለቢያ ለብሶ፣ ስልኩን በግራ እጁ ይዞ፣ ቀኙን ዘረጋላት። እናታቸው ታያለችና ዘይዳ ጨበጠችው። መዳፉ ሞቅ ያለ፣ በላብ የረጠበ ነበር። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ እጇን ታጠበች፤ እናቷ ምግቡ ቀረበ ብላ እስክትጠራት ድረስም ሳሙናውን አላስቀመጠችውም።