ለጓድ ግዛው የተወሰነ ጉበት

በሀና ማርያም በኩል የአንድ ቀበሌ ሊቀመንበር የነበሩት ጓድ ግዛው፣ በ1980 ዓ.ም. ከትልቁ አንጀታቸው ዕጢ ተቆርጦ ወጣላቸው። ዳኑ ተብሎ በግ ታረደ። ዓመት ሳይሞላ ግን በሽታው ጉበታቸው ላይ ተገኘ።

«ጉበቱን መቀየር አይቻልም?» ብለው ሐኪማቸውን ዶክተር ፅጌረዳን ጠየቋት።

«ውጭ አገር ተሞክሯል። ግን ካንሰሩ አዲሱም ጉበት ላይ ይመለሳል። ብዙዎቹ አልቆዩም።»

አብሯቸው የሄደው ምክትላቸው ላቀው ከዚህ ሁሉ የሰማው «ተሞክሯል» የምትለዋን ብቻ ነበር። እሑድ ነዋሪውን አዳራሽ ሰበሰበ። ሐኪሟም ማብራሪያ እንድትሰጥ ተጠርታ መድረኩ ላይ ተቀመጠች።

«ጓዶች! ለሊቀመንበራችን ከጉበቱ ቆርሶ የሚሰጥ እጁን ያውጣ!»

አዳራሹ የእጅ ጫካ መሰለ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የጓድ ግዛው ዓይን እንባ አቀረረ። ሲያስሩና ሲያስፈቱ በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ ሰው ይጠላኛል እያሉ በሆዳቸው ይሰጉ ነበር።

ሐኪሟ ተነሳች። «ይቅርታ፤ እስካሁን ጉበት የሚወሰደው ከሞተ ሰው ነው።»

«ሰጪው አስቀድሞ መሞት አለበት ማለት ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አዎ።»

እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ላቀው ያወጣውን የራሱን እጅ ጭንቅላቱን ማከኪያ አደረገው። ጓድ ግዛው ጎናቸውን ይዘው ይስቁ ጀመር። ሰዉ መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ ስላላወቀ ላቀውን አየ፤ ላቀውም ግራ ሲገባው አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲህ ጓድ ግዛው ቤት ዋሉ። ወንበሩን የተረከበው ላቀው ሁለቴ ጠየቃቸውና ቀረ። የማትቀረው ጎረቤታቸው ባለሱቋ ሙፊዳ ነበረች፤ ልጇን ሱልጣንን ራሳቸው ጓድ ግዛው ለብሔራዊ ውትድርና መልምለው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር የላኩባት። አንድ ቀን ሾርባ ይዛ ስትገባ፣

«አንቺም እጅሽን አውጥተሽ ነበር?» አሏት።

«አውጥቼ ነበር፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ባላወጣስ?»

ሾርባውን በማንኪያ አማሰሉ። «እኔኮ ሱልጣንሽን...» ሲሉ፣

«አውቃለሁ» አለች። «አሁን ይጠጡ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ማንኪያው ከእጃቸው ሲወድቅ አንስታ እሷው አጠጣቻቸው። እስከ ክረምቱ መግቢያ እንዲሁ ሰነበቱ።

በቀብራቸው ላይ ላቀው ረጅም ንግግር አደረገ። ሙፊዳ ለለቀስተኛው ውሃ ትቀዳ ስለነበር አልሰማችውም።