ሳሙና ለብሶ መድረክ የወጣው እንግዳ

ዳኛው የሚባል የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር። ከአዲስ አበባ ተልኮ ሳምንቱን ሙሉ በወገራ ገበያዎች እየዞረ ሚዛን ሲፈትሽ፣ ከነጋዴ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰነበተ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአምባ ጊዮርጊስ በእህል መኪና ላይ ተጭኖ ጎንደር ሲገባ፣ ፀጉሩና ቅንድቡ ካቧራው ብዛት አንድ ቀለም ሆነው ነበር። ፒያሳ አጠገብ ወዳለ አሮጌ ሆቴል ገባና ከሰላምታ በፊት፣

«ውሃ አለ?» አለ።

«አለ እንጂ!» አሉት የሆቴሉ ኃላፊ ወይዘሮ እታገኘሁ፣ ቁልፍ እያቀበሉት። «ግን ቶሎ ይበሉ፤ አመሉ አይታወቅም። ሳይሰናበት ነው የሚሄድ።»

ዳኛው ልብሱን ክፍሉ ውስጥ ጥሎ፣ ፎጣ አገልድሞ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወዳለው መታጠቢያ ቤት ሮጠ። ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆንም ነፍሱ መለስ አለች። ከራሱ እስከ ደረቱ ሳሙና ተቀብቶ አረፋ በአረፋ ሲሆን ግን ቧንቧው አጉረመረመ፣ አንዴ አስነጠሰና ጸጥ አለ።

ጠበቀ። ቧንቧውን አዞረ፣ መታ፣ ለመነ። ሳሙናው ዓይኑን ያቃጥለው ጀመር። ሲገባ ጓሮ ውስጥ በርሜል ማየቱ ትዝ አለውና ፎጣውን አጥብቆ በኋላው ደረጃ ወረደ። በርሜሉ ጋ ሳይደርስ የብዙ ሴቶች ድምፅ ወደ ጓሮው ሲመጣ ሰማ። ደነገጠ፤ እየዳበሰ ያገኘውን በር ከፍቶ ገባና ከወፍራም ጨርቅ ጀርባ ተሸሸገ።

ያ ጨርቅ የሆቴሉ አዳራሽ የመድረክ መጋረጃ ነበር። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር፣ የቀበሌው የኪነት ቡድን ስለ ባላባት ያዘጋጀውን ቲያትር ሊያይ ተሰብስቧል። ፊት ወንበር ላይ የቀበሌው ካድሬ፣ ጓድ ሐዲስ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

መጋረጃው ተከፈተ።

ዳኛው የሚያየው ነገር የለም። ሰው መኖሩን ግን ከፊቱ ከሚሰማው ትንፋሽ አወቀ፤ እፍረቱ እንዳለ ሆኖ ዓይኑ ባሰበትና ጮኸ።

«ውሃ! ኧረ በእናታችሁ ውሃ! ዓይኔ ሊጠፋ ነው!»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

«እልልል! እውነቱን ነው!» አሉ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል የሚባሉ አሮጊት ብድግ ብለው። «ሸጋ አርጎ ነገራቸው!»

የቲያትሩ አዘጋጅ ከጎን አንገቱን አስግጎ በሹክሹክታ፣ «አንተ ማነህ? ድርሰቱስ የማን ነው?» አለ።

«የቧንቧው ነው» አለ ዳኛው ዓይኑን እንደጨፈነ።

ጓድ ሐዲስ ይሳቅ ይቆጣ ቸገረው። ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓዶች! ይህ ትርኢት ሰፊው ሕዝብ በቀድሞው ሥርዓት የነበረበትን የውሃ ችግር...»

«ምነው ጓድ ሐዲስ!» አሉ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል። «የኛ ቧንቧ የደረቀ ዛሬ ጧት አይደለም እንዴ? ዛሬ ጧት የነበረው የማን ሥርዓት ነው?»

ጓድ ሐዲስ ሴቶቹን አየ፤ ሁሉም እያዩት ነው። ቀስ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ይሄኔ ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ሰኞ የውሃ ቦቴ እንደሚያስልክም እዚያው በአደባባይ ቃል ገባ፤ እውነትም ሰኞ ቦቴው መጣ።

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ግን ሰኞን አልጠበቁም። ለተናጋሪዎች የተቀመጠውን የውሃ ጆግ አንሥተው መድረክ ወጡ።

«ጎንበስ በል ልጄ።»

ዳኛው ፎጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ጎንበስ አለ። አሮጊቷ እያሹ አጠቡት፤ ሴቶቹ በእልልታ አጀቡ። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው፣ በር ላይ ቆመው በሳቅ ብዛት እንባቸውን የሚጠርጉትን ወይዘሮ እታገኘሁን ነበር። እጅ ነሥቶ፣ በኋላው ደረጃ ሮጦ ክፍሉ ገባና በሩን ቆለፈ።

አልጋው ላይ ተዘርሮ እፍረቱ ገና ሳይለቀው፣ ከታች ቲያትሩ ሲጀመር ተሰማው። ባላባት ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ወፍራም ድምፅ እያወጣ ትንሽ እንደ ፎከረ አዳራሹ ተንጫጫ።

«አንተ ውረድ!» ይላሉ ሴቶቹ። «ያኛውን አምጡልን!»

ዳኛው ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ሳበ።