የዘርፈሽ ክር

በ1978 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከዚራ ሰፈር፣ ከምድር ባቡር ሠራተኞች ቤቶች በአንዱ ግቢ ውስጥ፣ አንድ አውሮፕላን ነበረ። መሪው የብስክሌት መሪ ነው፤ ወንበሩ የእንጨት፤ የፍጥነት መለኪያው ደግሞ በከሰል ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን። ከካርቶኑ ጀርባ በርጩማ ላይ ዘርፈሽ ተቀምጣ የቆርቆሮውን ጠቋሚ በክር ትስበዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራች ሴት ናትና ክር አያስቸግራትም።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ታናሽ ወንድሟ ሣህሉ ነው። አዲስ አበባ ረዳት አብራሪ ለመሆን ሲማር፣ መሬት ላይ ቆሞ የሚበር በሚያስመስለው መለማመጃ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለቴም እዚያው ቦታ ላይ ነው፦ ልክ ከተነሳ በኋላ ፍጥነቱን መቶ ስድሳ ላይ መያዝ ያቅተዋል። ሦስተኛው ፈተና ሐሙስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ዕድል የለም። ለሳምንት ፈቃድ ሲመጣ እህል አልቀምስ አለ። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው ዘርፈሽ ነችና አንጀቷ አረረና ይህን መለማመጃ ሠራችለት።

አባታቸው ጋሽ ወልደጻድቅ ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድተዋል። የካርቶኑን አውሮፕላን ዙሪያውን ዞረው አዩና፣ «አፍንጫውን ስታነሳ ፍጥነቱ ወዲያው ይቀንሳል?» ብለው ጠየቁት።

«ወዲያው አይደለም አባባ፤ ትንሽ ይቆያል።»

«እንግዲያው አንቺም ቆይተሽ ሳቢ» አሏት ዘርፈሽን። «የረጅም ባቡር ጭራም እንደዚሁ ነው፤ ዘግይቶ ነው የሚሰማው።»

ያኔ ጉዱ ታየ። ጠቋሚው መቶ ሰባ ሲል ሣህሉ አፍንጫውን ለማንሳት መሪውን ይስባል። ጠቋሚው ገና አልሰማም፤ እሱ ይጨምርበታል። ድንገት መቶ አርባ ይወርዳል፤ ሣህሉ ደንግጦ ይገፋል፤ መቶ ሰማንያ ይደርሳል። ጎረቤታቸው ቱሪያ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ወላሂ ሣህሉ፣ ይሄ አውሮፕላን ጠጥቷል እንዴ?» አለችው። እሱ አልሳቀም።

እሑድ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሰውን ለስብሰባ ሲጠራ ጋሽ ወልደጻድቅ «ታሟል በሉ» ብለው ከወንበራቸው አልተነሱም። ሃያኛው በረራ እንደ ሌሎቹ ሲበላሽ ዘርፈሽ ክሩን ለቀቀችው።

«ስማ፣ ጠቋሚው እኔ አይደለሁ? መንገድ ላይ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው፤ አንተ ሳልደርስ ሌላ ታዘኛለህ። አታሳድደኝ። አፍንጫውን ልኩ ላይ አድርግና ጠብቀኝ።»

ሣህሉ በካርቶኑ ቀዳዳ አያት። «ካልመጣሽስ?»

«መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?»

ሣህሉ መሪውን ያዘና «ተነሳን» አለ። አፍንጫውን አነሳ፣ ልኩ ላይ አቆመ። ዘርፈሽ ሆን ብላ ጠቋሚውን መቶ ሃምሳ አወረደችው። ሣህሉ አፍንጫውን የጣት ስፋት ያህል ዝቅ አደረገና እጁን አሳረፈ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፤ እጁ ግን አልተነቃነቀም። እሷም ክሩን ቀስ፣ ቀስ አድርጋ ሳበችው። መቶ ሃምሳ አምስት። መቶ ስድሳ። ጠቋሚው እዚያው ቆመ።

ጋሽ ወልደጻድቅ የባቡር ሰዓታቸውን አይተው፣ «ሁለት ደቂቃ ሙሉ» አሉ። ቱሪያ ከአጥሩ ማዶ እልል አለች። በዚያ ቀን ሣህሉ አሥራ ሁለት ጊዜ ተነሳ፤ አሥራ ሁለቴም ፍጥነቱን ያዘ። ማታ ሁለት ሳህን ፓስታ በላ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቴሌግራም መጣ። ያመጣው ሠራተኛ ወረቀቱን ሲሰጣት ፈገግ እያለ ነበር፤ የፍቅረኛ መልእክት መስሎታል። ዘርፈሽ እዚያው በር ላይ ቆማ ለአባቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«ጠበቅሁሽ። መጣሽ። አለፍኩ።»

ጋሽ ወልደጻድቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና እንድታነብላቸው ጠየቋት። አነበበችላቸው። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ግቢው ገባች፤ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ጠቋሚውን መቶ ስድሳ ላይ አድርጋ ክሩን አጥብቃ አሰረችው።