የግንባር ልክ

ሉማሜ ውስጥ ዘውድ የፈለገ ዲያቆን ሌላ ደጅ አይጠናም፤ ወልደ ሰንበት ዘንድ ነው የሚሄደው። የጥምቀቱን በሉት የተክሊሉን፣ ነሐስ እየቀጠቀጠ ከፋይ እየለበጠ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦበታል። አለካኩንም አገር ያውቀዋል። ሲባጎውን ከኪሱ መዘዝ ያደርግና ግንባርህ ላይ ያዞራል፣ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል፣ «በቃ፣ ሂድ» ይልሃል። ና ሞክረው፣ እስቲ እንደገና ልለካህ የሚባል ነገር እሱ ቤት የለም። በቋጠሮው ላይ አንድ ጣት ጨምሮ ይቆርጣል፤ ዘውዱም ልክክ ይላል። በዚህ ይኮራል። ይኩራ እንጂ፣ ሌላ የሚኮራበት ምን ተረፈው!

ሴት ልጁን ያቃጠላት እሱ ነው። እንዲህ ስላችሁ ክፉ አባት እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ግን ለራሱ የሚለው እንደዚሁ ነው፣ ሌላ ቃል አያውቅለትም። ከዓመት ከስምንት ወር በፊት፣ አንድ አመሻሽ ላይ ነሐስ በቤንዚን ሲያጥብ መብራት ጠፋ። «የኔዬ፣ እስቲ ሻማ አምጪልኝ» ብሎ ተጣራ። የኔአለም ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሻማውን በመዳፏ ከልላ በሩ ላይ ብቅ ስትል ቤቱ በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። አምስት ወር ሆስፒታል ተኛች። ግንባሯና ዓይኖቿ ተረፉ። ከጉንጯ በታች ያለው አልተረፈም። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው ይላል ወልደ ሰንበት እስከ ዛሬ።

ከሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ የኔአለም ከግቢው በር አልፋ አታውቅም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ጓዳ ትውላለች። የምታጥባትም፣ ጠባሳዋን ቅባት የምትቀባትም እናቷ ታየች ናት። ወልደ ሰንበት ሲያናግራት ግንባሯን ያያል፣ አለዚያም ግድግዳውን። ልጅቷ ነጠላዋን ላላ ልታደርግ ስትል «መጣሁ» ብሎ ውልቅ ይላል። አንድ ቀን እንኳ መጣሁ ብሎ ተመልሶ አያውቅም።

የፊዚክስ አስተማሪዋ የሺዋስ ግን አልተዋትም። ሐሙስ ሐሙስ ትምህርቷን ይዞላት ይመጣል፤ በሩ ላይ ተቀምጦ ያስረዳታል። በዚህ ዓመት ለወላጆች ቀን የሚታይ አጭር ተውኔት ጻፊ አላት። ጻፈች። ጨረቃ ላይ ብቻዋን ስለቀረች አንዲት የጎጃም ልጅ ነው። የሺዋስ አንብቦ ሲጨርስ «ይህችን ልጅ ማን ይጫወታታል ታዲያ?» አላት።

ነጠላዋን ሳብ አደረገችና፣ «ጠፈርተኞች ሄልሜት ያደርጉ የለ? ፊቱ ጥቁር የሆነውን? እሱ ከተገኘ እኔው ራሴ እጫወታታለሁ» አለች።

ይኼን ስትሰማ ታየች የያዘችው ሳህን ከእጇ አመለጠ። ልጅቷ በገዛ አፏ ልውጣ ማለቷ ነዋ! ወልደ ሰንበት ደግሞ ጓሮ ሄዶ፣ ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ አለቀሰ።

የሺዋስ ያዘዘው ሄልሜት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከ። መንገድ ተዘግቶ ደጀን ላይ አራት ቀን አድሮ ነው የገባው። ወልደ ሰንበት ካርቶኑን ሲከፍት ያለቀለት ሄልሜት ነበር የጠበቀው፤ ያገኘው ግን እንደ ነጠላ ጫማ ሶል ያለ ጠንካራ ስፖንጅ ነው፣ ሃያ ሦስት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ሌላው ለፊት የሚሆን ጥቁር መስተዋት መሳይ ፕላስቲክ፣ ሁለት ቱቦ ሙጫና አንድ ጣሳ የብር ቀለም ነው። መመሪያ ብለው ከተቱት ወረቀት ላይ አንዲት ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የሞላባት አራት ማዕዘን አለች፤ ሌላ ምንም።

«ይህቺ በስልክ ስትነሣ የአሠራሩን ቪዲዮ ትከፍታለች» አለ የሺዋስ። «ግን ያው ኢንተርኔት የለንም። ማርቆስ ከተማ አንድ ጓደኛዬ ቢሮ ዋይፋይ አለ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ማክሰኞ ሄጄ አምጥቼ አሳይዎታለሁ። እስከዚያ መቀስ ባያስነኩት፣ አያ ወልደ ሰንበት።»

«ሠላሳ ዓመት የሰው ራስ ላይ ስሠራ ቪዲዮ ያሳየኝ ማን አለ? ለዚህ ብለህ መንገድ አትግባ ልጄ።»

«ኧረ ይኼ ዘውድ አይደለም እኮ...»

«ራስ ራስ ነው» አለና ሲባጎውን መዘዘ።

የኔአለም ጓዳ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወልደ ሰንበት ከኋላዋ ቆመ። ፊት ለፊቷ መቆም ይችል ነበር፤ ከኋላዋ ቆመ። ሲባጎውን በግንባሯ አዞረ። የልጅቷ እጅ ወደ ነጠላዋ ሄደ።

«ልግለጠው እንዴ አባዬ? እዚህ ታችም አይለካም?»

«አያስፈልግም የኔ ልጅ። ግንባር ይበቃል።»

ቋጠሮውን ቋጠረና ወጣ። ደጅ ሲደርስ እፎይ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እፎይ ነው ያለው። በኋላ ለራሱ ይቅር ማለት ያቃተው ያችን እፎይታ ነው።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሠራ። ልጅቷ ከተቃጠለች ወዲህ የሥራ ቤቱ ውስጥ እሳት ለኩሶ ስለማያውቅ ስፖንጁን የሚያለሰልሰው ታየች በምታፈላለት ውኃ ነው። ሙጫው ቤንዚን ቤንዚን ስለሚል፣ ልጅቷ እንዳይሸታት ብሎ ጓሮ፣ ሾላው ሥር ተቀምጦ አጣበቀው። ለዚህ ለዚህ አሳቢ ነው። ቁርጥራጩ ለግዙፍ ሰው ራስ የተሰላ ነበርና ገጥሞ ሲያየው ከታች፣ በአንገቱ በኩል፣ ቦርቅቆ ታየው። የፈረንጅ ልክ ይሆናል አለና በሲባጎው ቋጠሮ ላይ አንድ ጣት ጨምሮ ዙሪያውን ከረከመው። ዘውድ የሚጸናው በከንፈሩ፣ በታች ጠርዙ አይደል፤ ለዚህኛውም የነሐስ ቀለበት ሠርቶ በአንገቱ ዙሪያ ቸነከረለት። ውስጡን ከተክሊል ዘውድ በተረፈ ቀይ ከፋይ ለበጠው። በብር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባው።

ሲያልቅ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ፈንታ በአጥሩ ብቅ ብሎ አይቶ «እጅህ ይባረክ! ይኼስ ለቤተ መንግሥትም ይሆናል» አለ። ወልደ ሰንበት ስንት ጊዜው ነው፣ ሳቀ። ታየች እንኳ ሲስቅ ሰምታ ከቤት ወጥታ አየችው። በነጋታው ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው። አርብ ከሰዓት ሄልሜቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ልክ ታቦት እንደሚያከብር ሰው ቀስ ብሎ እየተራመደ ጓዳ ገባ።

የኔአለም ብድግ አለች። ዓይኖቿ ፈገግ ሲሉ ከነጠላው በላይ አያቸው። ያ ፈገግታ ሞት እስኪመጣ አይጠፋበትም።

«ዞር በል፣ ላጥልቀው» አለችው። ዞረ። በጀርባው ነጠላው ሲወርድ ሰማ፤ ከዚያ ከፋዩ ሲሻሽ ሰማ። ከዚያ ትንፋሽ። አንድ ጊዜ ገፋችው፤ ሁለተኛ ገፋችው። «እኔን!» አለች ታየች፣ ልትረዳት እየተጠጋች። «ቆይ፣ ቀና በይ፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ።» ልጅቷ ሲያማት እንደ ድመት ግልገል ያለ ድምፅ አወጣች። የነሐሱ ቀለበት አፍንጫዋ ላይ ተሰንቅሯል።

«ጋደል አድርገሽ ሞክሪው!» አለ ወልደ ሰንበት፣ ግድግዳውን እያየ።

«አይሆንም አባዬ።» ድምፅዋ ከሄልሜቱ ውስጥ ታፍኖ ወጣ። ታየች ቀስ ብላ አወለቀችላት። «አንገቴ ቀና አይልም። ቆዳው ይዞታል። አገጬ ወደ ደረቴ ወርዷል እኮ። ዓመት አለፈው። አላየኸውም?»

ወልደ ሰንበት ምን ይበል? አላየሁም ይበል? በአንድ ጣሪያ ሥር እየበላ እየጠጣ የልጁ አገጭ የት እንዳለ አያውቅም። ግንባሯን ብትጠይቁት፣ በሲባጎ ቋጥሮ ይዞላችኋል።

«ከኋላው ልሰንጥቀውና፣ ጨርቅ ጨምሬ... ሌሊቱን ቁጭ ብዬ...»

«ተወው።»

«ቀለበቱን ባነሣው...»

«ተወው አልኩ እኮ! ታችም ይለካ ብዬህ ነበር። ጠይቄህ ነበር።» ከዚያ በኋላ አልጮኸችም። ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች፤ ያን የሚያውቀውን ሽፍን አድርጋ። «ለጋሼ የሺዋስ ስጠው። ተውኔቱ እንዳይቀር። የሚሆናት ልጅ አይጠፋም።»

ታየች ሄልሜቱን ባሏ እጅ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ብትሰድበው ደስ ባለው።

የሺዋስ ቅዳሜ ማለዳ በባጃጅ ሊወስዳት መጥቶ ሄልሜቱን ብቻ ተቀበለ። ወልደ ሰንበትን ትክ ብሎ አየውና «ማክሰኞ እኮ እሄድ ነበር» አለ። ወልደ ሰንበትም የኔአለም ሂድና እይልኝ ስላለችው ተከትሎ ሄደ።

የስድስተኛ ክፍል ልጅ ተገኘች፤ ፊቷ ጠባብ፣ አንገቷ እንደ ልብ የሚታጠፍ። አገጯን ሰቅላ፣ ራሷን ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርጋ፣ ጆሮዋን እየላጣትም ቢሆን ገባላት። መድረክ ላይ ስትወጣ ሜዳው ሙሉ ሰው «ውይ!» አለ። ልጅቷ ቁመቷ፣ ምን ልበላችሁ፣ የኔአለም ሳትቃጠል በፊት የነበረችውን ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ የኔአለም አንድ ስንዝር እንደ ጨመረች የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማን አይቷት! የተዋናይዋም ድምፅ በሄልሜቱ ውስጥ የማን እንደሆነ አይለይም። በጨረቃዋ ላይ ቆማ «ታች ያላችሁ፣ የሚሰማኝ አለ?» ስትል ሴቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ተውኔቱ አልቆ አስተዋዋቂው ድምፅ ማጉያውን ያዘና «ደራሲዋ የራሳችን ልጅ፣ የኔአለም ወልደ ሰንበት ናት!» አለ። ባለ ሄልሜቷ ልጅ እጅ ነሣች። ሕዝቡ አንዴ ብድግ! እልልታው፣ ጭብጨባው። ሄልሜቱ ቶሎ ስለማይወልቅላት ልጅቷ እንዳደረገችው ሮጣ ከመጋረጃው ኋላ ገባች። አንድም ሰው ፊቷን አላየም።

ፈንታ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ መጥቶ ወልደ ሰንበት አንገት ላይ ተጠመጠመ። «እንኳን ለዚህ አበቃህ! ወጣችልህ! ልጅህ ወጣችልህ አይደል!»

አይደለችም ማለት ነበረበት። አንዲት ቃል ናት። ከንፈሩ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ቀና ሲል ያ ሁሉ ሰው በፈገግታ ያየዋል፤ ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ አንገቱን ሲያስደፋው የኖረ ዓይን ሁሉ ዛሬ በርቶለታል። ጣፈጠው። አዎ፣ ጣፈጠው፤ ምን እደብቃለሁ። ለዚያች ቅጽበት ልጁ እውነትም መድረክ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች፣ እሱም ማንንም ያላቃጠለ መሰለው።

«አሜን» አለ።

ከዚያ በኋላ እጁን ያልጨበጠው የለም። ሁሉንም አሜን፣ አሜን አላቸው።

ቤት ሲደርስ የኔአለም ጓዳ፣ በርጩማዋ ላይ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ሁለት ሰፈር ቢያልፍ ነው፤ ጭብጨባው ተሰምቷታል።

«ወደዱት?»

«ቆመው ነው ያጨበጨቡት።» እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ግን አላቆመም። «አንቺ መስለሻቸው ነው የኔዬ። ልጅቷን አንቺ ናት ብለው ነው።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«... አሜን አልኩ።»

ታየች በሩ ላይ መጥታ ቆማ ሁለቱንም ታያለች።

«እንግዲያውስ ወጥቻለሁ ማለት ነው» አለች የኔአለም። «አይተውኛል። ከእንግዲህ ያቺ ልጅ የት ገባች የሚል አይኖርም። ጋሼ የሺዋስም ቢሆን ውጪ ብሎ ለምን ይለምነኛል?»

ወልደ ሰንበት መሬት ላይ ተንበረከከ። ፊት ለፊቷ። ከቃጠሎው ወዲህ ፊት ለፊቷ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። «ግለጪው እናቴ። ልየው። ዛሬ መጣሁ ብዬ አልወጣም፣ በቁርባኔ!»

ልጅቷ ነጠላዋን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው።

«አሁን ምን ያደርግልሃል? ደህና ልጅ አይተህ መጣህ አይደል። አገጯ ያለ፣ አንገቷ ቀና የሚል።» ዓይኖቿ አላለቀሱም፤ ዝም ብለው ያዩታል። «አንተም አጨበጨብክላት?»

ወልደ ሰንበት እጆቹን አየ። አጨብጭቦ ነበር።