ቁጥር አንድ ቧንቧ

ሠርካለም ፎቶውን ስታየው ክው አለች። ስልኩ ከእጇ አምልጦ ቦዩ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ተረፈ።

“ምነው ልጄ? ማን ሞተ?” አሉ አባቷ አቶ አለምነህ። ከርብ ወንዝ በሞተር የተሳበውን ውሃ ወደ ሽንኩርታቸው እየመለሱ ነበር።

“ማንም አልሞተም አባዬ።”

የሞተስ የለም፤ ጉድ ግን ፈልቷል። ሠርካለም መሐንዲስ ናት፤ ባሕር ማዶ በረሃ ላይ ነዳጅ ለሚያወጣ ኩባንያ ትሠራለች። ወረታ የመጣችው ለእረፍት ነው። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? አግድም በተቆፈረ የነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ቧንቧ ተቀጣጥሎ ይገባል። ነዳጁ የሚሳበው በአፉ በኩል ስለሆነ፣ ለአፉ የቀረበው ቧንቧ ይስገበገብና ከሥር ያለውን ውሃ ጠርቶ ያመጣል። ውሃ አንዴ ከገባ ጉድጓዱ አለቀለት በሉ። ስለዚህ ሠርካለም ለየቧንቧው ማነቆ ትነድፋለች፤ ለቅርቡ ጠባብ ቀዳዳ፣ ለሩቁ ሰፊ፣ ሁሉም እኩል እንዲስብ።

ቁጥሩንም የሰጠችው ራሷ ናት። የፎገራ ልጅ አይደለች? እዚህ መደብ የሚቆጠረው ከቦዩ አፍ ጀምሮ ነው፤ ውሃው ቀድሞ የሚያገኘው አንደኛ፣ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛ። እሷም ለአፉ የቀረበውን፣ ያን ጠባቡን፣ አንድ አለችው። ሌላ አቆጣጠር ይኖራል ብላ መች አሰበች!

ፎቶው ላይ የሥራ ጓደኛዋ እዮብ ጥርሱን ገልፍጦ ቆሟል። ከኋላው ባለ አንድ ቁጥሩ ቧንቧ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ይታያል። “ተጀመረ! አንድ ገባ!” ብሎ ጽፎላታል። ቀድሞ የገባ ደግሞ በሌሎቹ እየተገፋ እስከ ጥግ ይሄዳል። ጠባቡ ሩቅ ሊቀር፣ ሰፊው አፉ ላይ ሊቀመጥ! ወይ መዓት!

ደወለች፤ አይነሳም። ደገመች።

“እዮብ አስቁም!” ብላ ስትጮህ ሽንኩርት የሚያርሙት ሁሉ ቀና አሉ። “ተገልብጧል! አንድ መጨረሻ ነው መግባት ያለበት!”

“አንቺ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ግማሹ እኮ ገባ! አልቆ ከታሸገ በኋላማ አይወጣም። የሚያዘኝ አለቃ ነው፣ ይኸው አጠገቤ አለ፤ ለራሱ ንገሪው።”

አለቃዋ ኢንጂነር በእውቀቱ ስልኩን ተቀብሎ ነገሩን ሰማ። “ስህተቱ የማን ነው?” አለ በደረቁ።

ሠራተኞቹ ናቸው ማለት አቅቷት አይደለም፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። “የእኔ ነው” አለች። “የቆጠርኩት ከአፉ ጀምሬ ነው።”

ከዚያ “አቁሙ! የገባውን ሁሉ አውጡት!” ሲል ሰማችው።

እፎይ! ተመስገን፣ ጉድጓዱ ተረፈ! ቦዩ ዳር ቁጭ አለች። አባቷ ምኑም ባይገባቸው “ተመስገን” አሉ አብረው።

በእውቀቱ ግን ስልኩን አልዘጋም።

“ሠርካለም፣ አምና ገና ሥራ ሲጀምር ውሃ በውሃ የሆነው ጉድጓድስ? መሬቱን አሳስታ አጥንታለች ብለን ጸሐይነሽን ያባረርንበት። የእሱን ቧንቧ የቆጠረው ማን ነበር?”

ጸሐይነሽ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ እስከ በሩ የሸኘቻት እሷ ናት። “አይዞሽ እህቴ፣ ሰው ይሳሳታል” ብላ ያጽናናቻትም እሷው።

“ሰማሽኝ?” አለ በእውቀቱ።

“እኔ ነበርኩ” አለች።